አሥረኛዋ ገል

አንድ ሰው ነበረ። ስማኝ ጫኔ፣ «የሚንቀጠቀጥ እጅ በምን ይቆማል?» ላልከኝ ነው የምነግርህ።

ሰውየው ተኳሽ ነበር፤ ሌላ ነገር አልነበረውም። ቤት እንኳ ስለሌለው ከሚስቱ ጋር የሚያድረው በሰው በረት፣ ከከብት አጠገብ ነው። ከአባቱ የቀረችው አረሯን እንደ ጤፍ የምትበትን አንዲት አሮጌ የወፍ ጠመንጃ ብቻ ናት።

በዚያ አገር ያለ አንድ ባለጠጋ የማሳ ጠባቂው ሞተበት። «በገል ተኩስ ያሸነፈ ማሳዬን ይጠብቅ፤ ማሳው ዳር ያለችውም ቤት የሱ ትሁን» ብሎ አስነገረ። የገል ተኩስ እንዲህ ነው። አንዱ ካብ ጀርባ ይቀመጥና የእንስራ ስባሪ ወደ ላይ ይወረውራል፣ ተኳሹ መሬት ሳትደርስ አየር ላይ ይበትናታል። ለአንድ ሰው አሥር ገል ነው። ወርዋሪው በራሱ አይወረውርም፤ ተኳሹ «ስደድ!» ሲል ብቻ ነው። ዳኛው በዱላው መሬቱን ሦስቴ እስኪመታ «ስደድ» ያላለ ገሏ አለፈችው። እኩል ከመጡ ደግሞ ቤቱ ቀድሞ ለተኮሰው ነው።

ሰውየው ሰባት ሳምንት ተለማመደ። የምትወረውርለት ሚስቱ ናት። እሷ ደግሞ «ስደጂ» እስክትባል የምትጠብቅ ሴት አይደለችም። «እንጨቱ ሳይፈለጥ ሊመሽ ነው! አንተ ገል አሳድድ!» እያለች ስትወረውር እሱ እየሳቀ ይመታል። አንዲት አታመልጠውም። «ቤቱ የኛ ነው» አላት። አመነችው። ለአዲሱ ቤት የሚሆን ሦስት ጉልቻ ከወንዝ መርጣ ተሸክማ በረቱ ደጃፍ አስቀመጠች።

ቀኑ ደረሰ። ከሱ በፊት የተኮሰው አንድ ቆለኛ ነው። መተኮሻው ላይ ቆመ። ካቡ ሥር ሄዶ አስታወከ፣ አፉን ጠረገና ተመለሰ። «ኧረ ይኼን ሰውዬ ደግፉት፣ ጠመንጃው ይዞት ሊወድቅ ነው!» ብሎ ሰው ሳቀበት። ቆለኛው በሚንቀጠቀጥ ድምፅ «ስደድ» አለ። እንዲያ እያለ ሰባቱን መታ፣ ሦስቱን ሳተ።

የኛ ሰው ገባ። ጠመንጃውን ትከሻው ላይ ሲያሳርፍ ልቡ ሰደፉን ሲደልቀው ተሰማው። «እስኪረጋ ልጠብቅ» አለ በሆዱ። ልቡ ባሰበት። ክንዱ ዛለ። «ስደድ» ሲል አፈሙዙ ወርዶ ነበር፣ ሳተ። ሁለተኛዋንም እንዲሁ። ሰው ሲስቅበት ተናደደ። በንዴት ልቡን ረሳውና «ስደድ! ስደድ!» እያለ ቀጣዮቹን ሰባት በተከታታይ በተናቸው።

ያን ጊዜ አንዱ ከሰው መሃል «አንዲት ቀረችህ ወንድሜ! ቤቱ ያንተ ነው!» ብሎ ጮኸ።

ቤቱ ትዝ አለው። ጉልቻው ትዝ አለው። ልቡ እንደገና ተነሳበት። ጠመንጃውን ደግኖ ቆመ፤ እስኪረጋ ይጠብቃል።

«እየጸለየ ነው እንዴ?» አለ አንዱ ተመልካች።

«የለም፣ ገሏን አንቺው ውረጅልኝ እያላት ነው!»

ዳኛው መሬቱን መታ። አንድ። ሁለት። ሦስት።

ሚስቱ አላስቻላትም። «አንተ! እንጨቱ ሳይፈለጥ ሊመሽ ነው!»

ሳያስበው «ስደድ!» አለ። ወርዋሪውም ከካቡ ጀርባ ሆኖ የዱላውን ምት ስላልቆጠረ ወረወረ። ገሏ አየር ላይ አመድ ሆነች።

«አይቆጠርም» አለ ዳኛው። «ዱላዬ ሦስት ብሏል። ሰባት ለሰባት ናችሁ፤ ቤቱ ቀድሞ ለተኮሰው ነው።»

ሰውየው እጁን ደረቱ ላይ አደረገ። ልቡ አልረጋም። እንደዚያው እየደለቀ ነው የመታት። ወደ ቆለኛው ሄዶ «አንተ አትፈራም እንዴ?» አለው።

«እኔ?» አለ ቆለኛው። «ቁርሴን እዚያ ካብ ሥር አላየኸውም?»

ባልና ሚስት ወደ በረቱ ተመለሱ። ጉልቻዎቹን ያነሳቸው የለም፤ ከብቱ ሲገባ ሲወጣ እየረገጠ በታተናቸው።

ይኸው ነው ጫኔ። ነገ ፎርማኑ ፊት ልስን ትፈተናለህ፣ እጄን በምን ላቁመው ትለኛለህ። ማቆሚያ የለውም። ቢኖር ነግሬህ ነበር። ያንተ «ስደድ» የምትለስንበትን ካዞላ ሲሚንቶው ውስጥ መክተት ነው፤ እየተንቀጠቀጥክ ክተተው። ከዚያም ልትስት ትችላለህ፣ ቆለኛውም ሦስት ስቷል። ቆሞ የሚጠብቀው ላይ ግን ዱላው ይቆጠራል።

እኔ የስምንተኛ ክፍል ፈተና ዕለት ልቤ እስኪረጋ ብዬ በር ላይ ቆምኩ። በሩ ተዘጋ። ከዚያ ወዲህ ልቤ ረግቷል፤ ምን የሚያስደነግጠው አለና።

በል ተነስ፣ የአሸዋውን ባሬላ በዚያ በኩል ያዝ።