ከሳቁት አንዷ

አንዲት ስመኝ የምትባል የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ነበረች። ማንንም ሰድባ፣ ማንንም ገፍትራ አታውቅም። ትስቅ ነበር እንጂ።

ከፊቷ የምትቀመጠው ትርሲት ስትናገር ቃሉ አፏ ላይ ይያዝባታል። ለማንበብ በተነሳች ቁጥር ናሁሰናይ የሚባል ልጅ ከኋላ እሷን አስመስሎ ይንተባተባል፤ ክፍሉም በሙሉ ያውካካል። ስመኝ «ካልሳቅሁ ነገ ወደ እኔ ይዞራል» ብላ ፈርታ ትስቃለች። ቀስ በቀስ ትርሲት ስሟ ሲጠራ እንኳ «አቤት» ማለት ተወች። በመጨረሻም ከትምህርት ቤት ቀረች።

የክፍሉ ኃላፊ መምህር አጥናፉ ይህን ሲሰሙ ናሁሰናይን ብቻ ጠርተው አልቀጡም። ከርዕሰ መምህሯ ጋር ተመካክረው ዘወትር አርብ የመጨረሻውን ክፍለ ጊዜ የውይይት አደረጉት። በመጀመሪያው አርብ ለሁሉም ብጣሽ ወረቀት አደሉና «ስም አትጻፉ። ሰው ሲፌዝበት ስታዩ ምን ታደርጋላችሁ?» አሉ።

ከዚያ መልሶቹን ጮክ ብለው አነበቡ። «እስቃለሁ።» «እስቃለሁ፤ ግን ደስ አይለኝም።» «በእኔ እንዳይመጣ እፈራለሁ።» ስመኝ የራሷ ፍርሃት በሌሎች እጅ ተጽፎ ስትሰማ ደነገጠች። ለካ ሁሉም እርስ በርሱ እየተፈራራ ነበር የሚስቀው።

«ቲቸር፣ ታዲያ ምን እናድርግ?» አለች።

«አለመሳቅ ትችያለሽ?»

«ብቻዬን ከሆንሁ እፈራለሁ።»

«ብቻሽን እንዳልሆንሽማ አሁን ሰማሽ።»

ያን ዕለት ተስማሙ። ለሚያፌዝ ማንም አይስቅለትም፤ ቅርብ ያለው ተነስቶ ከተፌዘበት ልጅ አጠገብ ይቀመጣል፤ ለመምህር መንገርም ማሳበቅ አይባልም። ስመኝና ሁለት ልጆች ትርሲት ቤት ሄደው ይቅርታ ጠየቋትና ይዘዋት መጡ።

ትርሲት ለማንበብ ስትነሳ ናሁሰናይ እንደ ልማዱ አስመስሎ ተንተባተበ። ማንም አልሳቀም። ስመኝ ተነስታ ትርሲት ጎን ተቀመጠች። ልጁ ዙሪያውን አየና አቀረቀረ። ይቅርታ ለመጠየቅ ግን እስከ ፋሲካ ቆየ።

በወላጆች ቀን ትርሲት መድረክ ላይ ወጥታ አነበበች። ቃሉ ሲያዝባት አዳራሹ ጸጥ ብሎ ጠበቀ። ስትጨርስ ወደ ክፍሏ ልጆች ዞራ «ስለ... ስለጠበቃችሁኝ አመሰግናለሁ» አለች።

ስመኝም መምህሩን በር ላይ አገኘቻቸው። «እኔንም ነው ከፍርሃት ያወጡኝ፤ እግዜር ይስጥልኝ» አለቻቸው።

ወዳጆቼ፣ የፌዘኛ ጉልበቱ የሚስቅለት ሰው ነው። ብዙ ልጆች የሚስቁት ጨክነው ሳይሆን ፈርተው ነው። ፍርሃታቸውን አብረው የሚናገሩበት አንድ ሰዓት የሰጣቸው ትምህርት ቤት የተፌዘበትንም የሳቀውንም ያድናል። እናንተስ፣ በተፌዘባችሁ ቀን ማን ተነስቶ አጠገባችሁ ተቀመጠ? አመስግናችሁታል?