አንለይና የውብዳር የተለዋወጡት ማሳ

አንድ አንለይ የሚባል ገበሬ ነበር። ከሁለት ጥማድ መሬቱ በየዓመቱ አሥራ ሁለት ኩንታል በቆሎ ያገኛል። ከምንጩ ማዶ የምታርሰው ጎረቤቱ የውብዳር ግን ስፋቱ እኩል ከሆነ ማሳ ሃያ አምስት ታስገባለች። ዘሩም ማዳበሪያውም ከአንድ መጋዘን የወጣ ነው። ነገሩ አንለይን እረፍት ነሳው።

«ምስጢሩ አፈሩ ነው» አለና ሽማግሌ ይዞ ሄደ። «እታለም፣ ማሳችንን ለሁለት ዓመት እንለዋወጥ።»

የውብዳር አራት ልጆች ብቻዋን የምታሳድግ ሴት ናት። የምታጣው ብዙ ነበር። ሆኖም የእሱን ማሳ ዞራ ካየች በኋላ «ይሁን» አለች።

በመጀመሪያው ዓመት አንለይ አሥራ ዘጠኝ ኩንታል አፈሰ። ደስታው ልክ አጣ፤ ጎረቤት ጠርቶ ደገሰ። የውብዳር ያገኘችው አሥራ አምስት ስለነበር ሰው ሁሉ አዘነላት። እሷ ግን ከማሳው ዳር ጥቂት መስመሮች ለይታ ነበር። አንዱን አቀራርባ ዘራች፤ ባንዱ ፍግ ጨመረች፤ ሌላውን ቶሎ ቶሎ ኮተኮተች። ሲያፈራም በየአገዳው እየዞረች የያዘውን የበቆሎ ራስ ቆጠረች።

በሁለተኛው ዓመት አንለይ ወደ አሥራ አራት ወረደ። የውብዳር ሃያ ሦስት አስገባች፤ ያውም ከእሱ መሬት። አንለይ አውድማዋ ድረስ ሄዶ ክምሩን ዞሮ አየ።

«እታለም፣ መሬትሽ በእጄ ነው። ምን አስቀርተሽብኝ ነው?»

«መሬቱንስ ሰጥቼህ ነበር፤ የዘጠኝ ዓመት ሙከራዬን ግን እንዴት ልስጥህ?» አለች እየሳቀች። «በየዓመቱ በጥቂት መስመር ላይ አዲስ ነገር እሞክራለሁ። ካልሰመረ የማጣው ያችኑ ነው። ከሰመረ በከርሞው ማሳውን ሁሉ እንደዚያ አደርገዋለሁ።»

«እኔ አባቴ ያሳየኝን ነው የምሠራው።»

«አባትህም እኮ ሞክሮ ነው ያገኘው።»

አንለይ ማሳውን ተረከበና በቀጣዩ ክረምት አራት መስመር ለሙከራ ለየ። በቆሎው ማፍራት ሲጀምር ገና ሳይነጋጋ ማሳው ውስጥ ይገኝ ጀመር። አንድ ማለዳ በሦስተኛው መስመር ላይ አብዛኛው አገዳ ሁለት ሁለት ራስ ይዞ አገኘው። ሁለቴ ቆጠረ። ከዚያ ለየውብዳር ሊነግራት ምንጩን በሩጫ ተሻገረ።

መሬት፣ ዘርና ዝናብ ያስፈልጋሉ። ምርትን ከዓመት ዓመት የሚያሳድገው ግን ሞክሮ፣ አይቶ፣ የተሻለውን የሚይዝ ሰው ነው። እናንተስ ዘንድሮ በሥራችሁ ከአምናው የተለየ ምን ሞከራችሁ?