የተደፋው መረቅ

በአውቶቡስ መንገድ ዳር ሾርባ የሚሸጥ አንድ ሰው ነበረ።

ጥያቄህን ረስቼ ወደ ምግብ የገባሁ እንዳይመስልህ፣ መንገሻ። «አባቴ አንድ ቃል ከተናገረን ይበቃን ነበር፤ እኔ ለልጄ ይህን ሁሉ እውነት ተናግሬ ለምን ደነደነችብኝ?» ብለህ ነው የጠየቅኸኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ ስልክህን ያላነሳችው ትርሲት ነገ በጠዋቱ አውቶቡስ እንደምትመጣም ነግረኸኛል። የምትላትን ሁሉ ጽፈህ ወረቀቱን ኮትህ ኪስ ውስጥ ይዘሃል። መልሱን በቀጥታ ብነግርህ ትከራከረኛለህ፤ አውቅሃለሁ። ስለዚህ መጀመሪያ የዚህን ሰው ነገር ስማኝ።

ሰውየው የሚኖረው ወደ ደቡብ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ከአንድ ድልድይ ማዶ ነበር። ቤቱ ከፊት አግዳሚ ወንበሮች፣ ከኋላ ደግሞ ማድ ቤት ነበረው። የሚሸጠው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ወገቧ ላይ እንደ ዓይን ያለ ጥቁር ነጥብ ካላት ከዚያች ነጭ ቦሎቄ የሚሠራ፣ ጎመን የገባበት፣ በዳጣ የሚያቃጥል ሾርባ። አውቶቡሶች እዚያ የሚቆሙት ለግማሽ ሰዓት ነው። ሹፌሩ ድልድዩ ጋ ሲደርስ ክላክስ ይነፋል፤ ተሳፋሪው ወርዶ እጁን ታጥቦ ሲቀመጥ ሾርባው እየጨሰ ይቀርብለታል። ሰው አፍንጫውን እየጠረገ፣ «ኧረ ይሄ ነገር ያቃጥላል» እያለ፣ ደግሞ ይጨመርልኝ ይላል። መንገደኛው ሁሉ «ፈጣኑ ሾርባ» ይለው ነበር።

የምታበስለው ሚስቱ ናት። እሱ ከፊት ነው፤ ወንበር ይጠርጋል፣ ዳቦ ይቆርጣል፣ ከሹፌሮች ጋር ይቀላለዳል። ወደ ማድ ቤት የሚገባው ክላክሱን ሲሰማ ብቻ ነው፤ ሳህን ለማመላለስ። ሲገባ ሁልጊዜ የሚያየው ያንኑ ነው። ሚስቱ የተከተፈ ቲማቲም ትጨምራለች፣ ከቃሪያ፣ ከነጭ ሽንኩርትና ከዝንጅብል የፈጨችውን ዳጣ ትለቅበታለች፣ ጎመኑን ትበትናለች፣ ሎሚ ትጨምቅበታለች፣ ትንሽ ታንተከትከውና ታወጣዋለች። ስለዚህ ሾርባው አውቶቡሱ ከድልድዩ ተነሥቶ በሩ እስኪደርስ የሚሠራ ይመስለው ነበር። ያን ያህል ዓመት አብሯት ሲኖር፣ ከዚያ በፊት ማድ ቤቱ ውስጥ ምን እንደሚደረግ አንድ ቀን አልጠየቀም።

ሚስቱ አረገዘች። መውለጃዋ ሲቃረብ ወደ እናቷ ቤት ልትሄድ ተነሣች። «ሰው ፈልግ፤ ብቻህን አትችለውም» አለችው።

«ይህን ያልቻልኩ ምኑን ልችል ነው? ስትሠሪ አይቼሽ የለም እንዴ?» አላት።

ሳቀችና ሄደች።

በማግስቱ ራሱ ድስቱን ጣደ። የሾርባው ጣዕም ሎሚውና ዳጣው እንደሆነ ያውቃል፤ እነሱን አስቀደማቸው። ቀድመው ከገቡ ጠልቀው ይገባሉ ብሎ ነው። ደረቁን ቦሎቄ ከቲማቲሙ፣ ከሎሚው ጭማቂና ከዳጣው ጋር አንድ ላይ ከተተና ውሃ ሞልቶበት እሳቱን አነደደ። ሽታው መንገድ ድረስ ይሄድ ነበር። ክላክሱ ሲነፋ ቀዳ። መረቁ ቀይ፣ የሚያምር፣ የሚያቃጥል ነው፤ ቦሎቄው ግን ጠጠር።

እኔም በዚያ ሰሞን በዚያ መንገድ አልፌአለሁ። ይህችን በግራ በኩል የተሸረፈች ጥርሴን አንተ በእርጅና ታሳብባታለህ እንጂ ከዚያ ቤት ያተረፍኳት ናት።

ሰውየው ደረቅ ነው። አንድ ቀን እንጨቱን ወቀሰ፣ አንድ ቀን ቦሎቄውን የሸጠለትን ገበሬ ወቀሰ፣ አንድ ቀን ደግሞ የወንዙን ውሃ። ቦሎቄው እምቢ ባለው ቁጥር ሎሚና ዳጣ ይጨምርበታል። «ይህን ሁሉ ደክሜበት እንዴት አይበስልም?» እያለ ድስቱ ላይ ይቆጣል። መረቁ ግን ጥፋት አልነበረበትም፤ ይህን ልብ በልልኝ። ለብቻው ብትጠጣው የሚጣፍጥ መረቅ ነበር።

ሳምንቱ ሳያልቅ አንድ የቆየ ደንበኛው፣ ሹፌር ነው፣ ሳህኑን ገፋ አደረገና «ወንድሜ፣ እኔ አንተን እወድሃለሁ፤ ተሳፋሪው ግን የሚሰድበው እኔን ነው። ነገም እንዲህ ከሆነ ከመንገዱ ማዶ ካለው ምግብ ቤት ነው የማቆመው» አለው። አንዱ ሹፌር እዚያ ካቆመ ሌሎቹም ይከተሉታል። ሰውየው ልጅ ሊወለድለት ነው፤ ከዚያች ቤት ሌላ መተዳደሪያ የለውም። በጣም ፈራ።

በነጋታው ማልዶ ጣደ። እንደፈራ ሰው ደግሞ ከወትሮው አብልጦ ጨመረበት። ረፋዱ ላይ፣ አውቶቡሱ ሳይመጣ፣ አማቱ በሚኒባስ መጡ። ሴት ልጅ መወለዷን ሊያበሥሩት ነው የመጡት። ደስ አለው፤ ጉልበታቸውን ሳመ፤ ግን ደስታው ፊቱ ላይ አልቆይ አለ። «ምን ሆነሃል?» ሲሉት ሁሉንም ነገራቸው። ሚስቱን ያን ሾርባ ያስተማሯት እሳቸው ነበሩ። ማድ ቤት ገቡና አንዲት ፍሬ በጭልፋ አውጥተው በሁለት ጣታቸው ጫን አደረጓት። ፍሬዋ እንዳለች ናት።

«ሎሚው መቼ ነው የገባው?» አሉት።

«መጀመሪያ ነዋ፣ እማማ። ጠልቆ እንዲገባ ብዬ።»

አልሳቁበትም። «ኮምጣጣ ነገር ቀድሞ ካገኘው ይደነድናል፣ ልጄ። ከዚያ በኋላ ብታነድበት እንጨት ትፈጃለህ እንጂ አይከፈትልህም።»

«ታዲያ ምን ይሻላል?»

«ድፋው።»

«ቦሎቄውን?»

«ቦሎቄው ምን አደረገህ? መረቁን ድፋው።»

ሰውየው ድስቱን አየ። ዳጣውን ዓይኑ እያነባ የፈጨው ራሱ ነው። ቲማቲሙን አንድ በአንድ መርጦ ነው የከተፈው። «መረቁ እኮ ምንም አልሆነም፤ እስቲ ይቅመሱት» አላቸው።

ቀመሱት። «ይጣፍጣል» አሉ። «አንተ መረቅህን ትወደዋለህ፤ ቦሎቄው ግን እሱ ውስጥ ሆኖ አይበስልም። ድፋው።»

ደፋው። ድስቱን ይዞ ወደ ጓሮ ወጣ። ያ ሁሉ ቀይ መረቅ መሬት ላይ ፈሰሰና ጠፋ። ቦሎቄውን በንጹሕ ውሃ አጠበው፤ ሌላ ንጹሕ ውሃ ጨምሮ መልሶ ጣደው።

«አሁንስ ምን ልጨምር?»

«ምንም። ቁጭ በል።»

ቁጭ አለ። እንደዚያ ያለ ከባድ ሥራ ሠርቶ አያውቅም። ነጭ ቦሎቄ በነጭ ውሃ ውስጥ ሲፈላ፣ ሽታ የለው፣ መልክ የለው፣ የሚያኮራ ነገር የለው። እጁ ሳያውቀው ወደ ዳጣው ዕቃ ሄደ። አማቱ ዕቃውን አንሥተው ከጀርባቸው አደረጉት።

ክላክሱ ተነፋ። የደነደነ ቦሎቄ ከተለመደው ሰዓቱ በላይ ይፈጃል፤ ገና ነበር። ሰውየው ወጣና ሹፌሩ ፊት ቆሞ «ሾርባ የለም። ያጠፋሁት እኔ ነኝ፤ ገና እየተቀቀለ ነው» አለ። ሹፌሩ ራሱን ነቀነቀ። ተሳፋሪው እየሳቀ ወደዚያኛው ቤት ተሻገረ። ሰውየው ባዶውን አግዳሚ ትንሽ አየና ተመልሶ ድስቱ አጠገብ ተቀመጠ። እዚያ ላይ ሰውየው ደስ ያሰኘኛል፤ ተቆጥቶ ድስቱን ሊደፋው ይችል ነበር።

ውሃው ሲጎድል ሙቅ ውሃ ጨመሩበት። ሌላ ምንም አላደረጉም። ስለ ሕፃኗ አወሩ፤ ማንን እንደምትመስል ጠየቃቸው። ፀሐይ ካዘቀዘቀች በኋላ አማቱ አንዲት ፍሬ አውጥተው ጫን ሲያደርጓት እንደ ቅቤ ለሰለሰች። አንዳንዱ ፍሬ ቆዳው ተሰንጥቋል፤ ሚስቱ እንደምትሠራው አላማረም። ግን ሙክክ ብሏል።

«አሁን ሎሚህን አምጣ» አሉት።

ቲማቲሙ ገባ፣ ዳጣው ገባ፣ ጎመኑ ተበተነ፣ ሎሚው ተጨመቀ፣ ትንሽ ተንተከተከ። ያን ጊዜ ያ አውቶቡስ እየተመለሰ ነበር። ሹፌሩ ሊያልፍ ስላሰበ ክላክስ አልነፋም። ሰውየው ሳህን ይዞ መንገዱ ዳር ቆመ። ሹፌሩ አቆመና መሪውን እንደያዘ በመስኮቱ ተቀብሎ አንድ ማንኪያ ቀመሰ። አላመጠ። አፍንጫውን ጠረገ። ከዚያ ሞተሩን አጠፋው።

እንግዲህ ወደ አንተ ልመለስ፣ መንገሻ።

ሎሚ ክፉ ነው አላልኩህም። ሾርባ ያለ ሎሚ ምን ይሆናል? ለትርሲት የነገርካት ሁሉ እውነት ነው። ኮሌጁን ጥላ መውጣቷ ያስቆጫል፤ እኔንም ቆጭቶኛል። አንተ ግን ገና በር ላይ ሳለች፣ ጫማዋን ሳታወልቅ ነው የጀመርካት። ዝም ስትልህ ጨመርክባት። ስትሄድ በስልክ ጨመርክ፤ ስልክ ማንሣት ስታቆም በሰው ላክህባት። እውነት ስለሆነ ይገባታል ብለህ ነው። እሷ ደግሞ እዚያ ውስጥ ሆና ደነደነች።

አባትህን እኔም አውቀዋለሁ። ልክ ነህ፣ አንድ ቃል ነበር የሚናገረው። አንተ ያስታወስከው ግን ቃሉን ብቻ ነው፤ ክላክስ ሲነፋ ማድ ቤት እንደሚገባው ሰው፣ ሎሚው ሲጨመቅ ነው የደረስከው። ወባ ይዞህ ሳለ አልጋህ ሥር መሬት ላይ ተኝቶ እንደከረመ ረስተኸዋል። ትምህርት ቤት ውለህ መጥተህ የምታወራውን ዝባዝንኬ ሁሉ ሥራውን አቁሞ ይሰማህ ነበር፤ እኔ እንኳ ይሰለቸኝ ነበር። ያ ሁሉ ንጹሕ ውሃ ነው። ቃሉ ሲመጣ አንተ በስለህ ነው ያገኘህ።

ያችን ወረቀት አውጣት። ጥሩ አድርገህ እንደጻፍካት አልጠራጠርም፤ ብታነብልኝ ይጣፍጣል እልህ ነበር። እዚህ ጠረጴዛ ላይ ትተሃት ሂድ። ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ፤ እኔም ልጆች አሳድጌአለሁ፣ ስንት መረቅ ሳልደፋ ቀርቼ ዛሬ የሚቆጨኝ አለ።

ነገ መናኸሪያ ስትወርድ ሻንጣዋን ተቀበላት። «ርቦሻል?» በላት። ሌላ ምንም አትጨምር። ስንት ቀን ይፈጃል ብለህ አትጠይቀኝ፤ ሁለት ዓመት ሎሚ ውስጥ ነው የኖረችው፣ ቆዳዋም ሳይሰነጠቅ አይቀርም። ሰውም ይስቅብህ ይሆናል፤ «ልጁ እንዲህ አድርጋው እሱ ዝም አላት» ይልሃል። አግዳሚህ ባዶ ይሁን፤ ተቀመጥ። አንድ ቀን ራሷ መጥታ «አባዬ፣ አንተስ ምን ትላለህ?» ትልሃለች። ያን ጊዜ ሎሚህን አምጣ። ያን ጊዜ አንድ ቃል ይበቃታል።