ወንድማማቾቹ ያዘ እና ጨበጠ

ጠጋ በሉ፤ ተረት ልነግራችሁ ነው። አንተ ደግሞ ከበሩ ላይ ተነስና ግባ። ግማሽህ ውጭ ሆኖ የሰማኸው ተረት ግማሹ ይጠፋብሃል፣ ኋላ እኔን ድገሚልኝ ትላለህ።

በድሮ ዘመን ቃላት ሁሉ እግር ነበራቸው። እንደ እኔና እንደ እናንተ ቤት ነበራቸው፣ ጎረቤት ነበራቸው፣ ይጣሉ ነበር፣ ይታረቁም ነበር። ሰው አንድ ነገር ሲፈልግ የቃሉን ስም ይጠራል፤ ቃሉም ከቤቱ ወጥቶ ይመጣና ይሠራለታል። «በላ!» ሲሉት በላ ይመጣል። «ሄደ!» ሲሉት ሄደ ይመጣል። ያልተጠራ ቃል እቤቱ ተቀምጦ ዝንብ ያባርራል።

ከአንድ አምባ ሥር እመት እጅ የምትባል እናት ነበረች። ሁለት ወንዶች ልጆች ነበሯት። ታላቁ ጨበጠ፣ ታናሹ ያዘ ይባላሉ። ጨበጠ ጠንካራ ነበር፣ ኩሩ ነበር፣ ደረቱን ነፍቶ ነበር የሚሄደው። ያዘ ቀጭን ነበር፣ ዝምተኛ ነበር፣ ለጠራው ሁሉ «አቤት» የሚል ነበር።

የጨበጠ ሥራ የተከበረ ነው። ጦር የእሱ ነው። የጎራዴ እጀታ የእሱ ነው። አዲስ ንጉሥ ሲነግሥ ሥልጣን የሚያስጨብጠው እሱ ነው። ታዲያ ንጉሥ በየቀኑ አይነግሥም። ጦርም ደግነቱ በየቀኑ አይነሳም።

ያዘ ግን ጎህ ሲቀድ ይወጣል፣ ፀሐይ ስትጠልቅ ይገባል። «ያዘ!» ይላል ገበሬው፤ ሄዶ ጥጃ ይይዝለታል። «ያዘ!» ትላለች ሴትዮዋ፤ ሄዶ ምድጃዋን እሳት ያስይዝላታል። «ያዘ!» ይላል ተማሪው፤ ሄዶ ዳዊቱን በቃሉ ያስይዘዋል። ዛፍ ፍሬ ሲይዝ እሱ ነው፣ በሬን ጭቃ ሲይዘው እሱ ነው፣ ሽማግሌዎች ቀጠሮ ሲይዙ እሱ ነው። ዝናብ እንኳ ሲደክመው «ያዘ፣ እስቲ ና» ይለዋል። ያዘ ዝናቡን ያዝ ያደርገዋል፣ ሰውም ከተጠለለበት ይወጣል።

ጉንፋንም ይጠራዋል፤ አትሳቁ። «ይቺን ሴትዮ ለጥቂት ቀን እፈልጋታለሁ» ይለዋል። ያዘ ሥራ ስለማይመርጥ ይሄዳል። ግን በስሱ ነው የሚይዛት፤ ጫጩት እንደምትይዙት አድርጎ። ቀኑ ሲደርስ ለቀቅ ያደርጋታል፣ እሷም ተነስታ ውሃዋን ትቀዳለች።

ጨበጠ ይህን ሁሉ ደጃፉ ላይ ተቀምጦ ያያል። የወንድሙ ስም በተጠራ ቁጥር አንድ ጠጠር መሬት ላይ ያስቀምጣል። የራሱ ስም ከተጠራ በሌላ በኩል ሊያስቀምጥ አስቦ ነበር። ሲመሽ በወንድሙ በኩል ያለው ጠጠር የጉንዳን ኩይሳ ያክላል፣ በእሱ በኩል አንድም የለ። ተነስቶ በእግሩ ይበትነዋል። ጠዋት እንደገና ሊቆጥር ይቀመጣል።

አንጀቱ አረረ። ምግብ አልወርድ አለው። እናቱ እመት እጅ አየችውና ደነገጠች።

«ልጄ፣ ምነው ከሳህ?»

«ምንም አልሆንኩ።»

«ንጉሥ የሚጠራህ ልጅ! ምን ጎደለህ?»

«ንጉሥ በሰባት ዓመት አንዴ ነው የሚጠራኝ። እሱን ግን ዶሮ የምታባርር አሮጊት ሳትቀር ትጠራዋለች» አለና ፊቱን አዞረ።

ያን ቀን ክፉ ነገር አሰበ። አምባው ጫፍ ላይ ቤት የሚያክል ቋጥኝ ነበር። ጨበጠ ወጣና ከቋጥኙ ሥር አፈሩን ጫረ፣ ጫረ፣ ጫረ። ቋጥኙ መነቃነቅ ሲጀምር ወደ ወንድሙ ሮጠ።

«ወንድሜ ያዘ፣ ጉድ ፈላ! ቋጥኙ መንደሩ ላይ ሊወርድ ነው! የሚደገፍበት እንጨት ላምጣ፤ እስከዚያ አንዴ ያዝልኝ!»

ያዘ ምን እንደሚል ታውቃላችሁ። «አቤት» አለና ዳገቱን ሮጦ ወጣ። ሁለት መዳፉን ቋጥኙ ላይ ለጠፈ፣ እግሩን መሬት ላይ ተከለ።

«ቶሎ ና ታዲያ» አለ።

«አሁን መጣሁ» አለ ጨበጠ። ቁልቁል ወረደ። አልተመለሰም። ያዘም እንዳይለቅ መንደሩ ከሥሩ ነው፣ እንዳይጣራ ድምፁ ከዚያ ከፍታ አይሰማ፤ ቆሞ ቀረ።

በመጀመሪያው ቀን አያ ቢሻው የሚባል ገበሬ መጣ። የሎሚ ችግኝ ተክሎ ነበር። «ያዘ! ችግኜ ሥር ይያዝልኝ!» ብሎ ተጣራ።

ጨበጠ ከቤት ብቅ አለ። «ያዘ የለም፣ እኔ አለሁ። ከእሱ እኔ እበልጣለሁ» አለ። ሄዶ የችግኙን ሥር ጥርቅም አድርጎ ጨበጠ። ቀን ስድስት ሰዓት ሳይሆን ችግኙ ጠወለገ። አያ ቢሻው ችግኙን አየ፣ ጨበጠን አየና ሄደ።

በሁለተኛው ቀን እትዬ አስካለ መጣች፤ ሰፌድ የምትሰፋዋ። «ያዘ! ስንደዶዬ ቀለም አልይዝ አለኝ!» ብላ ተጣራች።

«ያዘ የለም፣ እኔ አለሁ» አለ ጨበጠ። ሄዶ ቀዩን ቀለም ባንድ ጭብጥ ሰብስቦ አንድ ቦታ ላይ አፈነው። ስንደዶው ወገቡ ላይ ጥቁር እስኪመስል ቀላ፤ ላይና ታቹ ነጭ ሆኖ ቀረ።

«ኧረ ተው!» አለች እትዬ አስካለ። «ይሄ ሰፌድ ይሆናል ብለህ ነው? ያዘ መቼ ነው የሚመጣው?»

መቼ ነው የሚመጣው! ጨበጠ ይህን ሲሰማ የእሳት ፍም የዋጠ መሰለው። እሱ እዚህ ቆሞ፣ ልብሱ በቀለም ተበላሽቶ፣ አሁንም የሚጠየቀው ስለዚያኛው ነው። «ችግኙ ደካማ ስለሆነ ነው፣ ስንደዶውም እርጥብ ስለሆነ ነው፤ ነገ ያዩኛል» አለ።

በሦስተኛው ቀን ሳል መጣ። «ያዘ የለም እንዴ? የደብሪቱን ልጅ ለሁለት ቀን ያህል ፈልጌያት ነበር» አለ። የደብሪቱ ልጅ ስንዱ ትባላለች፤ ገና ዓመት አልሞላትም፤ ቆማ መሄድ ልትጀምር ስትል የምትወድቅበት ጊዜ ነው።

«ያዘ የለም፣ እኔ አለሁ» አለ ጨበጠ። ገባና የሕፃኗን ደረት በሁለት እጁ ጨበጠ።

ስንዱ አንዴ ሳለች። ሁለቴ ሳለች። በሦስተኛው ትንፋሿ በቅጡ አልመለስ አለ። ከንፈሯ እንደ አመድ ሆነ።

«ልቀቃት!» ብላ ጮኸች እናቷ። «በማርያም፣ ልቀቃት!»

ጨበጠ ሊለቅ ሞከረ። ጣቱ አልፈታ አለው። በዕድሜው ሲጨብጥ እንጂ ሲለቅ አልኖረም፤ ጦር የጨበጠ ይለቃል? ሥልጣን የጨበጠ ይለቃል? እንዴት እንደሚለቀቅ አያውቅም። አሁን ፈራ። ጎረቤት ተሰበሰበ፤ አያ ቢሻው መጣ፣ እትዬ አስካለ መጣች፣ እናቱ እመት እጅም መጣች።

ደብሪቱ መሬት ላይ ወድቃ ጠየቀችው። «ያዘ የት ነው? እሱ ያውቅበታል። ወንድምህ የት ነው?»

«ሩቅ አገር ሄዷል» አለ ጨበጠ።

ለምን ይዋሻል ትሉ ይሆናል። እኔ ልንገራችሁ። ቢናገር ያዘ ይመጣል። ያዘ ቢመጣ ያድናታል። ካዳናት መንደሩ ሁሉ ያዘ፣ ያዘ፣ ያዘ ሲል ይከርማል። ይህን ሲያስብ ምላሱ ታሰረ። ሕፃን እየሞተች እንኳ የወንድሙ ስም መጠራት ያንገበግበዋል።

«ወንድምህ የት ነው?» አለች ሁለተኛ።

«ተኝቷል። ሰንፏል። ምን ያደርግላችኋል?»

ሦስተኛ አልጠየቀችም። አፉ አፉን ታየው ጀመር። ያን ጊዜ ስንዱ እጇን አነሳችና አውራ ጣቱን ነካችው። ሕፃን የት ያውቃል፤ ማን እንዳፈናት አታውቅም፣ የሚያጫውታት መስሏት ነው። ከዚያ እጇ ወደቀ።

ጨበጠ እንደዚያ ሲጮኽ ማንም ሰምቶት አያውቅም።

«ያዘ!» አለ። «ያዘ! አምባው ላይ ነው! ቋጥኙን ያስያዝኩት እኔ ነኝ! የዋሸሁት እኔ ነኝ! ሩጡ፣ ድረሱልኝ!»

ሰዉ አንድ ወፍራም ምሰሶ ተሸክሞ ዳገቱን ወጣ። ያዘ እዚያው ነበር። ሦስት ቀን ውሃ አልቀመሰም፣ መዳፉ ተልጧል፤ ቋጥኙ ግን አንድ ጣት አልተነቃነቀም። ምሰሶውን ከሥሩ ተከሉለት። ዞር ሲል በመጀመሪያ የጠየቀው ስለ ወንድሙ ነው።

«ጨበጠ ደህና ነው? እንጨት ሊያመጣ ሄዶ ገደል ገባ ብዬ ስሰጋ ነበር።»

እጁን ስበው ቁልቁል ሮጡ።

ያዘ ገባ። ከወንድሙ አጠገብ ተንበረከከና ጣቶቹን አንድ በአንድ ያላቅቅ ጀመር። በመጀመሪያ ትንሿን። ቀጥሎ ሌላዋን። ቀስ፣ ቀስ፣ ቀስ። የመጨረሻው አውራ ጣት ሲላቀቅ ስንዱ አየሩን በረጅሙ ሳበችና ቤቱን በለቅሶ ሞላችው። እንደዚያ ያለ ጣፋጭ ለቅሶ ያ መንደር ሰምቶ አያውቅም።

ደብሪቱ ልጇን አቅፋ ወጣች። ያዘ እጆቹን ጭኑ ላይ አድርጎ ተቀመጠ። ጨበጠ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

እናታቸው ፈረደች። «ጦሩም፣ ጎራዴውም፣ ሥልጣኑም ያንተው ነው፣ አልነጥቅህም» አለችው። «ሰው ሲገናኝም በእኔ መዳፍ ሰላምታ ትጨብጣለህ። ነገር ግን ከእንግዲህ ወደ ሰው ደረት አትገባም፣ ወደ ችግኝ ሥርም አትወርድም። ለስላሳ ነገር አይሰጥህም።» ይኸው እስከ ዛሬ ሳል ጨበጠኝ የሚል ሰው የለም፤ ካለም እናንተው አምጡልኝ።

ፍርዱ ይህ ነበር። ቅጣቱ ግን የመጣው በማግስቱ ነው።

በማግስቱ ሴቶች ምንጩ ዳር ቆመው ያወራሉ። ጨበጠ ከደጃፉ ሆኖ ይሰማል።

«እኔ የማይገባኝ» አለች ደብሪቱ፣ «እንዲያ ያለ የተከበረ ሰው ምን ሆኖ ነው በወንድሙ ላይ እንዲህ የሚያደርገው?»

«ምን ይሆናል» አለች እትዬ አስካለ፣ «ቅናት ነዋ! ቅናት…» አለችና ቃል ልትጠራ ቆም አለች።

ጨበጠ አንገቱን አሰገገ። እኔን ትጠራ ይሆን? የራሴ ሕመም ነው፣ የራሴ ጣጣ ነው፤ ለዚህስ እኔን ሳትጠራ ማንን ትጠራለች? ሊነሳ አንድ እግሩን አወጣ።

«ያዘ!» ብላ ተጣራች እትዬ አስካለ።

ያዘ መዳፉን በጨርቅ ጠቅልሎ መጣ። ሥራው ምን እንደሆነ ሲሰማ ወደ ወንድሙ ደጃፍ አየና አቀረቀረ። ያን ቀን ብቻ እምቢ ማለት አማረው። ግን ጠርተውታል፣ «አቤት» አለ።

«ቅናት ያዘው!» አሉ ሴቶቹ።

ጨበጠ እግሩን መለሰ፣ በሩን ዘጋ። ያመመውን እንኳ የሚናገርለት ወንድሙ ነው።

እንግዲህ ልጆች፣ ትምህርቱ ይህ ነው፦ ወንድማችሁ በተጠራ አትቃጠሉ፤ ምን እየሠራ እንደሚጠራ ሄዳችሁ እዩለት። ብዙ የሚጠራ ሰው ብዙ የሚሸከም ሰው ነው። እኔ የማውቀውን ተናገርኩ፣ አሁን ጉሮሮዬ ደርቋል፤ ከእናንተ አንዱ ተነስቶ ውሃ ያምጣልኝ፣ ሌላው ደግሞ ለምን እኔን አላዘዝሽኝም ብሎ አያኩርፍ።