ሳይደክመው የተነሣው ሸማኔ

አንድ ሸማኔ ነበረ።

እማሆይ ወለተ ኪዳን እንዲህ ብለው የጀመሩት ጎረቤታቸው ትርንጎ ለጠየቀቻቸው ጥያቄ መልስ ሲሰጡ ነው። ትርንጎ ሐኪሞች ፋይብሮማያልጂያ ያሉት፣ መላ አካላትን የሚያምና ጉልበት የሚያሳጣ ሕመም ካገኛት ሁለት ዓመት ሆኗታል። በዚያ ሳምንት ማክሰኞ ደህና ሆና ነቃች። ልብስ አጠበች፣ ቤቱን ጠርጋ ወለወለች፣ ገበያ ደርሳ መጣች፤ ከዚያ እስከ ቅዳሜ ከአልጋ አልወረደችም። «ደህና በሆንኩበት ቀን ካልሠራሁ መቼ ልሠራ ነው፣ እማሆይ?» አለቻቸው። እማሆይም ስለ ሸማኔው ነገሯት።

ይህ ሸማኔ በመንደሩ በሥራው የተመሰገነ ሰው ነበር። ጎልማሳ ሳለ ሕመም ገባበት። ቁስል የለው፣ እብጠት የለው፤ ግን ከአንገቱ እስከ እግሩ ጣት ያመዋል። ሌሊቱን ሙሉ ተኝቶ አድሮ፣ ሲነጋ ዓይኑን ያልከደነ ሰው ያህል ደክሞት ይነሣል። ጠበል ተጠመቀ፣ ጤና ጣቢያ ተመላለሰ። በመጨረሻ አንድ ሐኪም ሕመሙ የእውነት እንደሆነ፣ እንደማይገድለው፣ ቶሎም እንደማይለቀው ነገረው። የሰፈሩ ሰው ግን የሚታይ ነገር ስላጣበት ሰውየው ሰንፏል ይል ጀመር። ሸማኔው ይህን ሰምቷል። ከሕመሙ ይልቅ ያቺ ወሬ ታንገበግበው ነበር።

አንዲት ልጅ ነበረችው። ሠርጓ ለጥር ተቆረጠ። እሱም በሽማግሌዎቹ ፊት፣ ልጄ የምትለብሰውን ቀሚስ ከነነጠላው ሌላ ሰው አይሠራውም ብሎ ተናገረ። ሚስቱ ጥጡን ፈተለች፣ እሱ ድሩን ዘረጋ። ያኔ ገና ጥቅምት ነበር።

አንድ ቀን ጠዋት ሕመሙ ጥሎት የሄደ መስሎት ነቃ። እጁ ቀለለው። ከሽመና ዕቃው ፊት ተቀምጦ እግሩን ከሥሩ ወደ ተቆፈረው ጉድጓድ ሰደደና መወርወሪያውን ከቀኝ ወደ ግራ ሲልከው እንደ ድሮው ሆነለት። ሚስቱ ለምሳ ጠራችው፤ ቆይ አላት። አሥር ሰዓት ላይ ደግማ ብትጠራውም፣ ይህ ቀን ካመለጠኝ መቼ እንደሚመለስ አላውቅም ብሎ መለሳት። የሦስት ቀን ሥራ በአንድ ቀን ሠርቶ፣ ደስ ብሎት እያንጎራጎረ ገባ።

በማግስቱ ጣቱን ማጠፍ አቃተው። ጋቢው ራሱ ገላው ላይ ሲያርፍ ያመዋል። ሚስቱ እያጎረሰች፣ ደግፋ እያስወጣች እያስገባች አምስት ቀን አስታመመችው። በስድስተኛው ቀን ተነሣ፤ የተነሣውም በእልህ ነው። ያለፉትን ቀኖች አካክሳለሁ ብሎ ከፊተኛው አብልጦ ሠራ። ያን ጊዜ የተኛው ዘጠኝ ቀን ሆነ። ከዘጠኙ ቀን በኋላም ያንኑ አደረገ፣ ያንኑ ያህልም ወደቀ።

ለሦስተኛ ጊዜ ከወደቀበት ትንሽ ሲሻለው፣ በሚስቱ ትከሻ ተደግፎ ሥራውን ሊያይ ሄደ። የተሠራው ጨርቅ እሱ ከሚያስበው በጣም ያንሳል። ዞሮ ሚስቱን አያት።

«የጠዋት የጠዋቱን አልነካሁትም» አለችው። «ከቀትር በኋላ የሠራኸውን ግን ፈትቼዋለሁ። አንዱ ጋ ላልቷል፣ አንዱ ጋ ድሩን ስተሃል። ለልጃችን አይሆንም።»

ሦስቱንም ጊዜ እንደሆነ ጠየቃት። ሦስቱንም ጊዜ ነው አለችው።

ያን ሁሉ ቀን አልጋ ላይ ያዋለው ሥራ ተፈትቶ፣ እንደገና ክር ሆኖ ቅርጫት ውስጥ ተቀምጧል። ግንባሩን እንጨቱ ላይ አስደግፎ ብዙ ቆየ።

ደግሞ ደህና ቀን መጣ። ሸማኔው ማልዶ ሥራ ጀመረ፤ እጁም እንደ ልቡ ታዘዘለት። ገና ረፋድ ላይ ሚስቱ መጥታ አጠገቡ ተቀመጠችና መወርወሪያውን የያዘ እጁን ያዘችው።

«አሁን ተነሥ» አለችው።

«አልደከመኝም እኮ።»

«አውቃለሁ። ሳይደክምህ ተነሥ።»

ተቆጣ። ሠርጉ ስንት ቀን እንደቀረው፣ በሽማግሌ ፊት ምን እንደተናገረ ዘረዘረላት። እሷ ክርክር ውስጥ አልገባችም፤ እጇንም ከእጁ ላይ አላነሣችም። በመጨረሻ እግሩን ከጉድጓዱ አወጣ። ደጅ ወጥቶ ግድግዳውን ተደግፎ ተቀመጠ። አላፊ አግዳሚው፣ ቆሞ መሄድ የሚችል ሰው ሥራ ፈትቶ ፀሐይ ሲሞቅ እያየው አለፈ። በዚያ ሕመም ካሳለፈው ሁሉ የከበደው ያ ረፋድ ነበር።

በማግስቱ ነቅቶ እጁን ዘረጋ። ጣቶቹ ታጠፉለት። ያመዋል፤ ግን መነሣት ይችላል። ሚስቱ እሳት ስታያይዝ መጥቶ ከኋላዋ ቆመ። ዘወር ብላ ዓይኑ እንባ ማቅረሩን ስታይ ደንግጣ ምን ሆንክ አለችው።

«ምንም አልሆንኩም» አላት። «ተነሣሁ።»

ከዚያ ወዲያ በየቀኑ እስከ ረፋድ ይሠራል፣ ያርፋል፤ ሰውነቱ ከፈቀደለት ከሰዓት ጥቂት ይጨምራል። በባሰበት ቀን ተደግፎ ክር ያጠነጥናል፤ ያም ካቃተው ይተወዋል። አንድ ጊዜ ምንም ሳያጠፋ ሕመሙ ሁለት ቀን ጣለው፤ ሚስቱ ይህ ያንተ ጥፋት አይደለም አለችው፣ እሱም አመናት። ልብሱ ለሠርጉ ሦስት ቀን ሲቀረው አለቀ። አንድ መዳፍ ሊያደርገው ያሰበው ጥለት ሁለት ጣት ብቻ ሆነ። ሙሽራዋ ለብሳው ስትወጣ ስለ ጥለቱ ያነሣ ሰው አልነበረም። አባቷም ቆሞ መረቃት፣ ጥቂት ጨፈረ፣ ጭፈራው ሲደራ ማንም ሳይጠራው ሄዶ ተቀመጠ።

እማሆይ ይህን ተናግረው ወደ ትርንጎ ዞሩ።

«እንግዲህ ልጄ፣ ሸማኔው አንቺ ነሽ። ደህና ቀን ሲመጣልሽ ዳግመኛ የማይመጣ ይመስልሽና አሟጠሽ ትጨርሺዋለሽ፤ እሱም ሲሄድ ከኋላው ያሉትን ቀኖች ይዟቸው ይሄዳል። ማክሰኞ ዕለት ማቆም የነበረብሽ ሲደክምሽ አይደለም። ሲደክምሽማ አልፏል። ማቆም የነበረብሽ ገና ደስ እያለሽ ሳለ ነው። ደግሞም ሰነፍ አለመሆንሽን ለሰው ለማሳየት ብለሽ ነው ራስሽን የምትጥዪው። እኔ አውቅሻለሁ፤ ለእኔ ማሳየት የለብሽም። ሸማኔው አልዳነም ልጄ። ግን ልጁን ቆሞ ዳረ።»

ትርንጎ አንገቷን ደፋች። «እሱስ ሚስት ነበረችው» አለች ቀስ ብላ። «የኔን እጅ ማን ይይዘዋል?»

«እስክትለምጂው እኔ አለሁ» አሏት እማሆይ። «ነገ ረፋድ ላይ እመጣለሁ። ደህና ሆነሽ ካገኘሁሽ አስቀምጥሻለሁ፤ ብትቆጪም አልሄድልሽም።»