የቴርሞስታቷ ቦታ

የከተማው ውሃ መሥሪያ ቤት ኃላፊ አቶ ስንሻው ያለ እሳቸው ትእዛዝ ምንም ነገር ሲከፈት አይወዱም ነበር። አንድ ቀን መኪናቸው ዳገት ላይ ውሃዋ ፈልቶ ቆመችና ተጎትታ ግቢ ገባች። የመሥሪያ ቤቱ መካኒክ አንዲት አፏ የማይታሰር ሴት ነበረች። ኮፈኑን ከፍታ ከሞተሩ ላይ ትንሽ ዕቃ ፈታች።

«ቴርሞስታቷ ተበላሽታ ነው፤ ሞተሩ ሲግል ለውሃው መንገድ የምትከፍተው እሷ ናት።»

«በማን ፈቃድ?»

«ሙቀቱ ሲነካት በራሷ ትከፍታለቻ።»

አቶ ስንሻው ደም ሥራቸው ተገተረ። «በእኔ መኪና? አዲሷን ከወንበሬ ሥር ግጠሚልኝ፤ እኔ ሳዝ ትክፈት! እምቢ ካልሽ ከነገ ጀምሮ ሥራ የለሽም!»

መካኒኳ እጇን በጨርቅ እየጠረገች ከአጥሩ ውጭ ተመለከተች። የሰፈሩ የውሃ ቦኖ ከደረቀ ሦስተኛ ሳምንቱ ነው፤ ሰው ባዶ ጀሪካን ደርድሮ ፀሐይ ላይ ተቀምጧል።

«ሥራውን ይውሰዱት ጌታዬ» አለች። «ይቺ ዕቃ የምትሠራው ከእሳቱ አጠገብ ስለተቀመጠች ነው። ወንበርዎ ሥር ካስገባኋት ግን ጥላው ይመቻታል፤ ሞተሩ ነዶ እስኪያልቅም እንደ ቦኖው የእርስዎን ትእዛዝ ስትጠብቅ ትኖራለች።»