አስናቀ የሰጠው ነጥብ

አንድ የጨርቃ ጨርቅ ነጋዴ በአንድ ትልቅ ከተማ ሱቅ ነበረው። እሱ ለንግዱ አገር ላገር ስለሚዞር ሱቁን ለነባር ሠራተኛው ለአስናቀ ትቶ፣ በየስድስት ወሩ የሻጮቹን የሥራ ምዘና ከመቶ እየሞላ እንዲልክለት አዘዘው። አስናቀ ሥራ አዋቂ ነበር፤ ይህን ማንም አይክደውም። ነጋዴው ሊከፍተው ያሰበውን ትልቁን ሱቅ እንዲሰጠው ቀን ከሌት ይመኝ ነበር። ጣጣው የመጣው ትርንጎ የምትባል ሻጭ ስትቀጠር ነው።

ትርንጎ ጨርቁን ከመቁረጧ በፊት ለምን እንደተፈለገ ትጠይቃለች። አራት ሜትር ላዘዘች ሴት፣ ለቁመትዎ ሦስቱ ይበቃል ብላ አንዱን ታስቀርላታለች። ሴትዮዋም በሳምንቱ እህቶቿን አስከትላ ትመጣለች። ደንበኛ ገና ከበሩ «ትርንጎ የለችም እንዴ?» ባለ ቁጥር የአስናቀ አንጀት እርር ይላል። እሱን አሥራ ሁለት ዓመት እዚያ ሲቆም በስሙ የጠራው የለም፣ እሷ ትናንት መጥታ! ቅናት የያዘው ሰው እንዲህ ነው፤ የሌላው ሲሳይ ከራሱ ሌማት የተነሳ ይመስለዋል።

የምዘናው ቀን ሲደርስ «ወሬ ታበዛለች፣ ሽያጭ ትቀንሳለች» ብሎ ጻፈና ሃምሳ ሰጣት።

ትርንጎ ወረቀቱን አይታ አልተቆጣችም። «ጋሽ አስናቀ፣ ጉድለቴን ያሳዩኝና ላርመው» አለችው።

አስናቀ ቢያስብ ቢያስብ የሚያሳያት አጣ። «ውለሽ አድረሽ ታውቂዋለሽ» አላት።

በወሩ ለቀቀች። ሌሎቹም ለፉም ተኙም ነጥቡ ያው መሆኑን ሲያዩ ተራ በተራ ሄዱ። አዲስ ሰው ይቀጠራል፤ ጎበዝ ሆኖ ከተገኘ አስናቀ ያንን ብዕሩን ያነሳል፤ ያም ይሄዳል። በአራት ዓመት አሥራ አንድ ሰው ወጣ።

አንድ ቀን ነጋዴው መጣና አስናቀን አስቀመጠው።

«አዲሱን ሱቅ ላንተ ልሰጥ ነበር የመጣሁት» አለው። «ግን ይሄኛውን ለማን ላስረክብ? አሥራ አንድ ሰው መዝነህ አንድም የሚበቃ የለም ብለህ ጽፈህልኛል። እኔም ቃልህን አምኛለሁ። እንግዲያው አንተ ከዚህ የትም ልትሄድ አትችልም።»

አስናቀ ትርንጎ ትበቃ ነበር ሊል አፉን ከፈተ። እንዳይናገር፣ ውሸቱን በገዛ አፉ ሊመሰክር ነው፤ እንዳይተወው፣ የስንት ዓመት ምኞቱ ሊያመልጠው ነው። «እንዳሉት ይሁን» አለ። አዲሱ ሱቅም ለሌላ ሰው ተሰጠ።

ወገኖቼ፣ ሠራተኛ የሚለቀው ደመወዝ ሲያንሰው ብቻ አይደለም፤ ልፋቱን አይቶ እውነቱን የሚናገርለት ሲያጣም ነው። በቅናት የሚመዝን ሰው ደግሞ ሌላውን ያሳነሰ ይመስለዋል እንጂ የራሱን መንገድ ነው የሚዘጋው። ነገ ስለ ሥራ ባልደረባችሁ ብትጠየቁ፣ የምትመልሱት ያያችሁትን ነው ወይስ ያንገበገባችሁን?